ተገልብጦ ስለ መነሣት

ሰው እንዳይወድቅ ብዙ ይጠነቀቃል። ቤቱን በጽኑ መሠረት ላይ ይሠራል፤ ገንዘቡን ይቈጥባል፤ ወዳጁን ይመርጣል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ከወደቀ በኋላ እንዴት እንደሚነሣ አስቀድሞ የሚማር ሰው ጥቂት ነው። እኔም ከነዚያ ከጥቂቶቹ አንዱ አልነበርሁም፤ መውደቅንም መነሣትንም እንደ ዕድል እቈጥራቸው ነበር። ይህን አሳቤን ያስለወጡኝ አንድ ጠባብ ታንኳ፣ አንድ የመዋኛ ገንዳና አንድ የግሪንላንድ አዛውንት ናቸው። ታሪኩ ወጣቶችን ይጠቅማል ብዬ ስላመንሁ እንደሚከተለው ጻፍሁት። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ለትምህርት በኮፐንሃገን ከተማ በተቀመጥሁበት ዘመን አንድ ቀን ወደ ብሔራዊው ሙዚየም ገባሁ። በዚያም ከቁርበት የተሠራ ቀጭንና ረጅም ታንኳ አየሁ። የመቀመጫው አፍ ከመጥበቡ የተነሣ ሰው የሚገባበት አልመሰለኝም። አጠገቤ ቆመው የነበሩ አንድ አዛውንት መደነቄን አይተው፣ «ይህን ሰው ይለብሰዋል እንጂ አይሳፈርበትም» አሉኝ። የግሪንላንድ ተወላጅ ነበሩ። ስለ ታንኳው ብዙ ጠየቅኋቸው፤ እርሳቸውም ሳይሰለቹ መለሱልኝ። በብርዱ ወራት በአንድ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ወጣቶችን ያስተምሩ ስለ ነበር እኔንም ጋበዙኝ። ወደ ገንዳው ከመድረሳችን በፊት ግን ስለ አገራቸውና ስለ ታንኳው መናገር ይገባኛል።

ግሪንላንድ ከዓለም ደሴቶች ሁሉ በስፋት የምትበልጥ፣ በዴንማርክ መንግሥት ውስጥ ሆና የውስጥ አስተዳደሯን ራስዋ የምትመራ የሰሜን አገር ናት። ከምድሯ ከአምስት እጅ አራቱ ያህል በዘመናት ብዛት በተከመረ በረዶ የተሸፈነ ስለ ሆነ ሕዝቧ የሚኖረው በባሕሩ ጠረፍ ነው። ሕዝቡ ኢኑዊት ይባላል፤ በቀድሞ መጻሕፍት ኤስኪሞ እየተባለ የተጻፈው ነው። አባቶቻቸው እርሻ አያውቁም ነበር። ምግቡ፣ ልብሱ፣ የመብራቱ ዘይት ይልቁንም የሚገኘው አቆስጣ ከተባለው የባሕር እንስሳ ነበር። እንግዲህ አንድ አባት ልጆቹን ለመመገብ በረዶ በሚንሳፈፍበት ባሕር ላይ በትንሽ ታንኳ ወጥቶ፣ ድምፅ ሳያሰማ ቀርቦ፣ ገመድ የታሰረበትን ጦር ወርውሮ አቆስጣውን መውጋት ነበረበት።

ታንኳውን በቋንቋቸው ቃያቅ ይሉታል፤ ካያክ የሚለው የኤውሮፓውያን አጠራር ከዚሁ የመጣ ነው። በአገራቸው ለታንኳ የሚሆን ዛፍ እንደ ልብ አይበቅልም። እንጨቱን የሚያመጣላቸው ባሕሩ ነው፤ በሳይቤሪያ ወንዞች የወረደ ግንድ ዓመታት በባሕርና በበረዶ ተጉዞ ከጠረፋቸው ይደርሳል። ያንን ለቅመው፣ ጠርበው፣ በእንጨት ችንካርና በጠፍር አያይዘው የታንኳውን አጥንት ያቆማሉ። መለኪያቸው የባለቤቱ አካል ነው፤ ርዝመቱ እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ሦስት ጊዜ ያህል፣ ስፋቱ የዳሌው ልክና ሁለት ጭብጥ ያህል ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሴቶች የአቆስጣ ቁርበት በላዩ ወጥረው በጅማት ክር ይሰፉታል። የስፌቱ ጥበብ መርፌው ቁርበቱን አልፎ ሳይበሳው በውፍረቱ መካከል ብቻ መሄዱ ነው፤ ያልተበሳ ቁርበት ውኃ አያስገባም። ስለዚህ ባልየው በባሕር ላይ ሲቀዝፍ ሕይወቱ በሚስቱ ጣቶች ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

አዳኙ ቱዊሊክ የሚባል የቁርበት ልብስ ይለብሳል። ልብሱ በፊቱ ዙሪያና በእጁ አንጓ ላይ ጠብቆ ይታሰራል፤ የታችኛው ጫፍም በመቀመጫው አፍ ዙሪያ ባለው የእንጨት ቀለበት ላይ ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ ሰውና ታንኳ አንድ አካል ይሆናሉ፤ ማዕበል በላዩ ቢያልፍ ውኃው ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ነገር ግን ይህ ከውኃ የሚያድን ልብስ ሰውየውን ከታንኳው ጋር የሚያስር ልብስም ነው። ስፋቱ ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ቃያቅ በቀላሉ ይገለበጣል። የተወጋው አቆስጣ ገመዱን ቢስበው፣ ወይም ማዕበል ከጎን ቢመታው፣ ሰውየው በውኃ ውስጥ ተዘቅዝቆ ይቀራል። ልብሱን ፈትቶ ቢወጣ ውኃው በረዶ ለመሆን የቀረበ ነውና ብዙ ሳይቈይ እጅ እግሩ ይደነዝዛል፤ ጓደኛ በአጠገቡ ከሌለም ተመልሶ ወደ ታንኳው መግባት እጅግ ጭንቅ ነው። እንግዲህ መዳኛው አንድ ነው፤ ይኸውም ከታንኳው ሳይወጣ፣ በመቅዘፊያው ውኃውን ተደግፎ፣ ዙሮ መነሣት።

ይህን ጥበብ በማዕበል ቀን ሊማረው የሚችል ሰው የለም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለዚህም ይሆናል። ስለዚህ የግሪንላንድ ልጆች ገና በየብስ ሳሉ በተወጠረ ገመድ ላይ እየተንጠለጠሉና እየተጠማዘዙ አካላቸውን ያለማምዱ ነበር። ከዚያም በረጋ ውኃ ላይ መገልበጥንና መነሣትን ይማሩ ነበር። አንድ ዘዴ ብቻ ማወቅም አይበቃም። መቅዘፊያው በገመድ ቢጠላለፍስ? ከእጅ ቢያመልጥስ? አንድ ክንድ ቢጎዳስ? ለያንዳንዱ ጥያቄ አንድ መልስ አበጅተዋል፤ መቅዘፊያውን በሙሉ ርዝመቱ ዘርግቶ መነሣት፣ በብብት ሥር ይዞ መነሣት፣ ከአንገት ኋላ አድርጎ መነሣት፤ መቅዘፊያው ከጠፋ ኖርሳቅ በሚባለው በጦር መወርወሪያው እንጨት መነሣት፤ እርሱም ከጠፋ በባዶ እጅ መነሣት።

ኤውሮፓውያን ይህን ታንኳ ካዩ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ አስተያየታቸው ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። በ1613 አንድሩ ባርከር የሚባል እንግሊዛዊ የመርከብ አለቃ ወደ ግሪንላንድ ባደረገው ጉዞ አንድ ቃያቅ ከነሰውየው ወሰደ። ሰውየው እህል አልቀምስም ብሎ በሦስት ቀን ውስጥ ሞተ። ታንኳው ግን ወደ ሐል ከተማ ተወስዶ በባሕርተኞች ማኅበር ቤት ተቀመጠ። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ይህን ነገር ልብ ብለህ ተመልከተው። እንጨቱና ቁርበቱ ከባለቤቱ ይልቅ ዕድሜ አገኙ፤ የሰውየው ዳሌና ጉልበት፣ እጁና ትንፋሹ ያውቁት የነበረው ነገር ሁሉ ግን በሦስት ቀን ጠፋ። ዕቃ በሙዚየም ይቀመጣል፤ ዕውቀት የሚቀመጠው በሰው ውስጥ ብቻ ነው።

ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ የመጣው ጀርመናዊው ዳቪድ ክራንዝ ጠባዩ ሌላ ነበር። ይህ ሰው በ1761 ወደ ግሪንላንድ ሄዶ ዓመት ያህል ተቀመጠ፤ በ1765ም የአገሪቱን ታሪክ ጽፎ አሳተመ። ክራንዝ የአዳኞቹን ልምምድ እንደ ጨዋታ ንቆ አላለፈውም። ቀርቦ ተመለከተ፤ አሥር ዓይነት አድርጎም ቈጠረው። መቅዘፊያውን በጀርባ ይዞ ስለ መነሣት፣ የወደቀውን መቅዘፊያ ከውኃ ውስጥ ሆኖ ጎትቶ ስለ መያዝ፣ መቅዘፊያው ፈጽሞ ከጠፋም በጦር መወርወሪያው፣ በቢላዋ ወይም በእጅ መዳፍ ስለ መሞከር ጽፎአል። ኖርዌጃዊው ፍሪትዮፍ ናንሰንም በ1888 የግሪንላንድን በረዶ አቋርጦ ባለፈ ጊዜ፣ የሚመልሰው መርከብ ስላመለጠው በዚያው ከረመ፤ ቃያቅ መቅዘፍንም ከሕዝቡ ተማረ፤ በ1891 ስለ ኑሮአቸው መጽሐፍ አሳተመ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ያስደንቃል። ኤዲ ሐንስ ፓውላታ የሚባል አውስትሪያዊ ግሪንላንድን ሳያይ፣ ስለ ግሪንላንድ የተጻፈውን አንብቦ፣ በአገሩ ውኃ ላይ ደጋግሞ እየተገለበጠ ሲሞክር በ1927 ተሳክቶለት ተነሣ። እርሱ የተጠቀመበት ዘዴ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ስሙ የእርሱ ይሁን እንጂ ጥበቡ ስማቸው ያልተጻፈ የብዙ አዳኞች ነው። ቢሆንም ከፓውላታ የምንማረው ነገር አለ፤ መጽሐፍ የሚጠቅመው አንብቦ ወደ ውኃው ለሚገባ ሰው ነው።

ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። ወደ ገንዳው በሄድሁ ጊዜ እነዚህን ታሪኮች አንብቤ ነበርና የማውቅ መስሎኝ ነበር። ደገኛ ነኝ፤ ዋና የተማርሁት በጎልማሳነቴ ነው፤ ነገር ግን ይህን ለአዛውንቱ መናገር አፍሬ ዝም አልሁ። በቃያቁ ውስጥ ተቀመጥሁ፤ ጉልበቴን ከላይኛው እንጨት ጋር አጣበቅሁ፤ በገንዛ ፈቃዴም ተገለበጥሁ። ወዲያው ውኃው በአፍንጫዬ ገባ፤ ጆሮዬ ጮኸ፤ ላይና ታች ጠፋብኝ። ያነበብሁት ሁሉ ከልቤ በረረ። መቅዘፊያውን እንደ ዱላ እየወዘወዝሁ ራሴን ወደ ላይ ወረወርሁ፤ ግማሽ ትንፋሽ ሳገኝ ታንኳው ተመልሶ ገለበጠኝ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በመጨረሻ አዛውንቱ፣ በአጠገቤ ቆመው ነበርና፣ ታንኳውን ይዘው አቃኑኝ።

እያሳለኝ፣ «ጥፋቴ ምንድር ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ራስህን አስቀደምህ» አሉኝ፤ «ራስ መነሣት ያለበት በመጨረሻ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰው ራስ ከባድ ነው። በውኃ ውስጥ ሳለ ውኃው ይሸከምለታል፤ ከውኃ እንደ ወጣ ግን ክብደቱ ሁሉ በታንኳው ላይ ይወድቅና መልሶ ይገለብጠዋል። ስለዚህ መጀመሪያ መቃናት ያለበት ታንኳው ነው። መቅዘፊያው በውኃው ፊት ላይ ቀስ ብሎ ይጠርጋል፤ ዳሌና ጉልበት ታንኳውን ያዞራሉ፤ ደረትና ትከሻ ይከተላሉ፤ ራስ ግን ውኃውን እንደ ትራስ ተንተርሶ ይቈይና በኋላ ይወጣል። አየር ፍለጋ የሚጣደፈው ራስ ከሁሉ በኋላ አየር ማግኘት አለበት። ሰውነት ሁሉ «ቶሎ ራስህን አውጣ» እያለ ሲጮህ፣ የሚያድነው ግን ያንን ጩኸት አለመስማት ነው። በቋንቋችን ራስ ማለት የአካል ክፍል ብቻ እንዳልሆነ አስታወስሁ። በቤት ውስጥም ቢሆን፣ በሥራም ቢሆን፣ መከራ ሲመጣ ራሱን አስቀድሞ ለማውጣት የሚሻ ሰው የተሳፈረበትን ሲገለብጥ ስንት ጊዜ አይተናል!

አዛውንቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ መነሣትን ትተው መቈየትን አስተማሩኝ። ተገልብጬ፣ ምንም ሳላደርግ፣ እስከ አሥር እንድቈጥር አዘዙኝ። መጀመሪያ እስከ ሦስት እንኳ አልደረስሁም። በአጠገቤ የአሥር ዓመት ዕድሜ የምትሆን አንዲት የግሪንላንድ ልጅ እየሣቀች ተገልብጣ ትነሣ ነበር። እኔ የተማርሁ ሰው፣ በብዙ ገጽ የተጻፈውን ያነበብሁ፣ ከእርስዋ በታች መሆኔን አይቼ አፈርሁ፤ ወደ ቤቴም ሄጄ ላልመለስ አሰብሁ። ነገር ግን ኀፍረት ሰውን ወይ ያባርረዋል፣ ወይ ያስተምረዋል። በማግሥቱ ሳምንት ወደ ልጅቱ ሄጄ፣ «አሳዪኝ» አልኋት። ምንም ሳትኰራ እጄን ይዛ የመቅዘፊያውን አያያዝ አስተካከለችልኝ። በስምንተኛው ሳምንት፣ እስከ አሥር ቈጥሬ፣ መቅዘፊያውን ጠረግሁ፤ ጉልበቴን ሳብሁ፤ ራሴን ተውሁት። ዐይኔን ስገልጥ የገንዳውን ጣራ አየሁ። ታንኳውም እኔም ቀንተን ነበር። ደስታዬን ለመናገር ወደ አዛውንቱ ብዞር፣ «እንግዲህ በግራ በኩል» አሉኝ።

በዚህ ነገር መኵራት በጀመርሁ ጊዜ የጂኖ ዋትኪንስን ታሪክ አነበብሁ። ይህ እንግሊዛዊ በ1930 ከ13 ባልደረቦቹ ጋር ወደ ምሥራቅ ግሪንላንድ ሄዶ የአየር መንገድ ለመጥረግ አገሩን አጠና። በዚያም ሳለ ቃያቅን፣ አደንንና ተገልብጦ መነሣትን ከአገሬው አዳኞች ተማረ፤ እጅግም ሠለጠነበት። በ1932 እንደ ገና ተመለሰ። ነሐሴ 20 ቀን ለብቻው አቆስጣ ሊያድን ወጣ። ባልደረቦቹ ሊፈልጉት ሲሄዱ ቃያቁን ባዶውን ሲንሳፈፍ አገኙት፤ ሱሪውና መታጠቂያውም በተንሳፋፊ በረዶ ላይ ተገኙ። አስከሬኑ አልተገኘም። ዕድሜው 25 ዓመት ነበር። ጥበብ ሰውን ከብዙ አደጋ ያወጣል፤ ነገር ግን ብቻውን ለሚሄድ ሰው የጓደኛን እጅ አይተካለትም።

አሁን ደግሞ ከአንድ ሰው መገልበጥ ወደ ሕዝብ መገልበጥ እንለፍ። ከ1920ዎቹ ጀምሮ የምዕራብ ግሪንላንድ ባሕር እየሞቀ ሲሄድ አቆስጣ እየራቀ፣ ኮድ የሚባለው ዓሣ እየበዛ መጣ። አዳኝ የነበረው ሰው ዓሣ አጥማጅ ሆነ፤ የሞተር ጀልባም ገዛ። በ1953 ግሪንላንድ ቅኝ ግዛት መሆንዋ ቀርቶ የዴንማርክ ክፍል ስትሆን፣ በሚከተሉት ዓመታት ከትንንሽ መንደሮች ብዙ ሰዎች ወደ ከተማ ተሰብስበው በትላልቅ የሲሚንቶ ሕንጻዎች ውስጥ እንዲኖሩ ተደረገ። በሩቅ ሰሜን ካሉት መንደሮች በቀር ቃያቅ የሚሠራ ሰው ጥቂት ሆነ። ልጆች አባቶቻቸውን አልጠየቁም፤ አባቶችም ያልተጠየቁትን አላስተማሩም። ማንም በክፋት አላጠፋውም፤ የማይጠቅም መስሎ ስለ ታየ ብቻ ሊጠፋ ተቃረበ።

ይሁን እንጂ በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ ግሪንላንድ በ1979 የውስጥ አስተዳደሯን ከያዘች ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ አንዳንድ ወጣቶች የድሮ ቃያቆችን አይተው፣ «ይህ የእኛ ነው፤ ለምን አናውቀውም?» ብለው ተነሡ። ወደ ሽማግሌዎች ሄደው ጠየቁ። እንደ ማናሴ ማቴውሰን ያሉ በዚህ ጥበብ የታወቁ አዛውንቶች ገና በሕይወት ነበሩና ያወቁትን አሳዩ። በ1985 ቃናት ካቱፊያት የተባለ የቃያቆች ማኅበር ተቋቋመ፤ ከዚያ ወዲህ በየጊዜው አገር አቀፍ ውድድር ይደረጋል። በውድድሩ ተገልብጦ የመነሣት ዘዴው ከ30 በላይ ነው፤ እጅን በደረት ላይ አጣምሮ መነሣት፣ 8 ኪሎ የሚመዝን ድንጋይ ይዞ መነሣትም ከነዚሁ ውስጥ ናቸው። በ1998 ከአያቱ የተማረው ማሊጊያክ ፓዲላ በ16 ዓመቱ የውድድሩ አሸናፊ ሆነ። ዛሬ ሴቶች ልጆችም ይወዳደራሉ፤ በሌሎች አገሮችም ይህን ጥበብ የሚማሩ ብዙዎች ናቸው። እነዚያ ወጣቶች አሥርና ሃያ ዓመት ዘግይተው ቢሆን ኖሮ ግን የሚጠይቁት ሰው ባላገኙ ነበር።

ይህን ስጽፍ ልቤን የሚወጋኝ አንድ ነገር አለ። አያቴ ብራና ፋቂ ነበሩ። የፍየል ቆዳ በእንጨት ላይ ወጥረው ሲፍቁ፣ ጣታቸውን በላዩ አሳልፈው ውፍረቱን ሲለኩ፣ በልጅነቴ አጠገባቸው እጫወት ነበር። አንድ ቀን፣ «ና፣ ያዝና ሞክረው» ቢሉኝ፣ «ወረቀት ሞልቶ ለምን ይሆናል?» ብዬ ሮጥሁ። እርሳቸው ምንም አልመለሱልኝም። ዛሬ የፋቁት ብራና በእጄ አለ፤ እንዴት እንደ ፋቁት ግን አላውቅም። በሐል ከተማ ያለውን ታንኳ ባሰብሁ ቍጥር ይህ ብራና ትዝ ይለኛል። የባዕድ አገር አዛውንት በትዕግሥት ሲያስተምሩኝ፣ የገዛ አያቴን ያልጠየቅሁትን እርሳቸውን እጠይቅ ነበር።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ሁላችሁም አንድ ቀን ትገለበጣላችሁ፤ ያልተገለበጠ ሰው የለምና። ያ ቀን ከመምጣቱ በፊት በረጋው ውኃ ላይ ተለማመዱ። ስትገለበጡ አትቸኵሉ፤ የተሳፈራችሁበትን አቅኑ፣ ራሳችሁን በመጨረሻ አንሡ። በቻላችሁም መጠን ብቻችሁን አትሂዱ። ይልቁንም በቤታችሁ ወይም በመንደራችሁ አንድ ሙያ የሚያውቁ አዛውንት ካሉ፣ ዛሬ ማታ ከራት በኋላ አጠገባቸው ተቀመጡና፣ «ይህ እንዴት ይሠራ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።